ባለጋራ በሌለበት ስለሚሰጥ ፍርድና ስለ መነሣቱ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስና በአምባሰል አገር

በኢትዮጵያ የዱሮ የሙግት ሥርዓት፣ ሙግት ማለት ሁለት ሰዎች በዳኛ ፊት ቆመው በቃል የሚጋጠሙበት ነገር ነበረ። ከሳሹ «ተጠየቅ» ብሎ ሲነሣ ተከሳሹ ቆሞ ካልመለሰለት ሙግቱ ሙግት አይባልም። «በላ ልበልሃ» የተባለው የአነጋገር ስልትም ከስሙ እንደሚታወቀው አንዱ ለሌላው የሚናገረው እንጂ አንድ ሰው ብቻውን ለዳኛ የሚደረድረው አይደለም። እንግዲህ አንደኛው ወገን ከቀረ ምን ይደረጋል? ዛሬ በሐይቅ ከተማ በተሁለደሬ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ወይም በውጫሌ በአምባሰል ወረዳ ፍርድ ቤት ለሚቆም ባለጉዳይ የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ ግን የመጣው ስለ መቅረብና ስለ መቅረት የራሱ የቆየ ልማድ ወዳለው ሕዝብ ስለ ሆነ፣ አሠራሩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ልማዱን መመልከት ያስፈልጋል።

የቀድሞው ሰው ለቀረ ባለጋራ ያዘጋጀው መድኃኒት በሌለበት መፍረድ ሳይሆን እንዳይቀር ማድረግ ነበር። ተበደልሁ የሚል ሰው ባለጋራውን በመንገድም ሆነ በገበያ ባገኘው ጊዜ «በሕግ አምላክ» ወይም «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል። በዚህ ቃል የተያዘ ሰው ጥሎ መሄድ እጅግ ነውር ነበረ፤ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» መባሉም ስለዚህ ነው። በአጠገብ የተገኘ ጨዋ ሰው የመንገድ ዳኛ ይሆናቸውና ክርክራቸውን ይሰማል፤ እርሱ ሊጨርሰው ያልቻለው ነገር ወደ ባለ ሥልጣኑ ዳኛ ያልፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ተከሳሹ ለመቅረቡ ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ እንደ ሆነ የነጠላው ጫፍ ከከሳሹ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ነገሩ የከበደ ሲሆን ደግሞ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው አብረው እየዋሉና አብረው እያደሩ ወደ ዳኛው ይሄዳሉ። ቁራኛ የተባለው ይህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጎበኙ የውጭ አገር ተጓዦች ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ሲሄዱ አይተው በመጽሐፎቻቸው አስፍረዋል፤ ፎቶግራፍም ያነሡ አሉ። ድርጊቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ አልሞተም። ከሕመም የማይነሣ ሰው ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» ይባላል።

በቁራኛ ነገር ተጓዦቹን ያስገረማቸው የከሳሹ መታሰር ነበር። ተበደልሁ ያለው ሰው ራሱ እጁን ለሰንሰለት መስጠቱ ለእነርሱ ግራ ነገር ሆኖባቸዋል። ነገር ግን የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም አንዱ ሌላውን ትቶ ወደ ዳኛው ጆሮ ሊደርስ አይችልም፤ የአንዱ ቃል ያለ ሌላው አይሰማም። የዋስ ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ተከሳሹ ቢጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ ወይ ሰውዬውን ፈልጎ ያመጣል ወይም በእርሱ ፈንታ ይከፍላል። ስለዚህ ዕዳው በሌለው ሰው ላይ ሳይሆን በዳኛው ፊት በቆመው ሰው ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ወንበዴ ወይም ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝም እንዲሁ ነበር፤ ከጉባኤው የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል እንጂ በመቅረቱ ብቻ ወንጀለኛ ተብሎ አይፈረድበትም።

በሌለ ሰው ላይ የመፍረድ ነገር የጎላው መዝገብ ከመጣ በኋላ ነው። ክሱ በጽሕፈት ሲቀርብ፣ መልሱ በጽሕፈት ሲጠየቅ፣ ዳኛው የሚመለከተው ሰው ብቻ ሳይሆን ወረቀትም ሲሆን፣ ወረቀቱ ብቻውን ሊመረመር ይችላል። ይህ ለውጥ መልካም ነገር አላመጣም ማለት አይደለም። ባለዕዳ ስለ ሸሸ ብቻ ባለገንዘቡ መብቱን አጥቶ እንዳይቀር አድርጓል፤ በቁራኛ ዘመን ጉልበት ያለው ሰው ጨርሶ ሳይያዝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ሆኖም ዱሮ በሰንሰለትና በዋስ ይጠበቅ የነበረውን ነገር ዛሬ የሚጠብቀው መጥሪያ የሚባለው አንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ሆነ።

የሐይቅ አገር ለጽሕፈት እንግዳ አይደለም። በባሕሩ ውስጥ የሚገኘው፣ ቀድሞ ደሴት የነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ አበምኔትነት ከታደሰ ወዲህ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የመጻሕፍት ቤቶች አንዱ ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው ወንጌል ከመቶ ዓመታት ጀምሮ በገዳሙ ሲጠበቅ ኖሯል፤ በባዶ ገጾቹም ገዳሙን የሚመለከቱ ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች ተጽፈውበታል። በሌሎች አድባራትም እንደሚደረገው የርስትና የጉልት ውል በወንጌል ሲጻፍ የምስክሮች ስም ይዘረዘራል፤ ውሉን ያፈረሰ ሰው የተረገመ ይሁን የሚል ቃልም ይታሰርበታል። ይህ እርግማን በጽሕፈቱ ቀን ያልነበረውን፣ እንዲያውም ገና ያልተወለደውን ሰው ሳይቀር ይይዛል ተብሎ ይታመናል። በሌለ ሰው ላይ የሚሠራ ጽሕፈት እንግዲህ በዚህ አገር ዱሮም ነበረ ለማለት ይቻላል፤ ግን የሚይዘው በፍርሃተ እግዚአብሔር ነው እንጂ በአፈጻጸም መዝገብ አይደለም።

የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕርግ ነበረው። ትርጓሜው ሰዓት ጠባቂ ማለት ሲሆን፣ ባለማዕርጉ በቤተ መንግሥት ማን ወደ ንጉሡ እንደሚገባና መቼ እንደሚገባ ከሚወስኑት ታላላቆች አንዱ ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን እጅግ የተፈራና የተከበረ ሰው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሰዓትን መጠበቅና በሰዓት መቅረብ ከፍርድ ጋር የማይነጣጠል ነገር መሆኑ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የሮማውያን ዐሥራ ሁለቱ ሠሌዳዎች ሕግ ከባለጋራዎቹ አንዱ እስከ ቀትር ያልመጣ እንደ ሆነ ዳኛው ከቀትር በኋላ ለተገኘው ወገን እንዲፈርድ ያዝዝ ነበር። የሮማው ሕግ በፀሐይ ይቆርጣል፤ የኢትዮጵያው ልማድ በሰንሰለት ያቆራኛል።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶና ተዛምዶ ስለሚኖር የሃይማኖት ሕጎቹንም አያይዞ ማየት ተገቢ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገረው በ43ኛው አንቀጹ ዳኛ ባለጋራዎችን በእኩል ዐይን እንዲያይ ያስተምራል። በእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ በሌለ ሰው ላይ መፍረድ የቆየ የክርክር ርእስ ነው። በወሎ ከሚታወቁት መዝሀቦች መካከል ሐነፊው፣ ስለ ቀረው ሰው የሚቆምለት ተወካይ ከሌለ በስተቀር ቃዲ በሌለ ሰው ላይ እንዳይፈርድ ይከለክላል። ሻፊዒው ግን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ከሳሹ ማስረጃውን ካቀረበ በኋላ ዕዳው እስካሁን እንዳልተከፈለው እንዲምል ያደርገዋል፤ የቀረው ሰውም በተመለሰ ጊዜ መከራከሪያውን ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ከሁለቱ መንገዶች የ1958ቱን ሕግ የሚመስለው ሁለተኛው ነው፤ ይህም መመሳሰል ከመቀዳዳት የመጣ ሳይሆን ነገሩ ራሱ ሕግ አውጪዎችን ሁሉ ወደ አንድ መንገድ ስለሚያደርሳቸው ነው። የ1958ቱ ሕግ በዚህ ክፍሉ የተከተለው በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ከሳሽ ቀርቦ ተከሳሽ ባልቀረበ ጊዜ፣ በአንቀጽ 70 መሠረት ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር «መጥሪያ ደርሶታል ወይ?» የሚል ነው። በሚገባ የደረሰው እንደ ሆነ ነገሩ ተከሳሹ በሌለበት ይሰማል። ያልደረሰው እንደ ሆነ ሌላ መጥሪያ ይታዘዛል። ደርሶት ለመዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ያላገኘ እንደ ሆነ ቀጠሮው ይለወጣል። ብዙ ባለጉዳዮች የሚሳሳቱበት ነገር እዚህ ላይ ስላለ መግለጥ ያሻል። «በሌለበት ይሰማል» ማለት «ተረትቷል» ማለት አይደለም። ከሳሹ ምስክሩንና ሰነዱን ማቅረብ አለበት፤ ማስረጃው የማይበቃ ከሆነ ባለጋራው ባይኖርም ይረታል። ደግሞም ተከሳሹ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቢደርስና ለፊተኛው መቅረቱ በቂ ምክንያት ቢሰጥ እንዲከራከር ሊፈቀድለት ይችላል። የቀረው ከሳሹ ሲሆን ክሱ ይሰረዝበታል፤ እርሱም በአንድ ወር ውስጥ ምክንያቱን ገልጦ መዝገቡ እንዲከፈትለት ማመልከት ይችላል።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ተከሳሹ የሚያመለክተው በአንቀጽ 78 ነው። አንቀጹ አጭር ቢሆንም ለብዙ ሰው እርሻና ቤት የቆመበት ምሰሶ ነው። ተከሳሹ በሌለበት የተሰጠውን ፍርድ ወይም ትእዛዝ ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ያመለክታል። ከሁለት ነገሮች አንዱንም ማስረዳት አለበት፤ ወይ መጥሪያው በሚገባ አልደረሰኝም፣ ወይም ደርሶኝ ነገር ግን በቂ ምክንያት አግዶኝ ቀረሁ። ዳኛው ካመነበት ፍርዱን ያነሣና ነገሩ የሚቀጥልበትን ቀን ይወስናል፤ ተከሳሹ ኪሣራ እንዲከፍል ወይም ገንዘብ በፍርድ ቤት እንዲያስይዝም ሊያዝዘው ይችላል። በአንቀጽ 79 እንደ ታዘዘው ማመልከቻው ለባለጋራው ሳይደርስ ፍርዱ አይነሣም፤ በመቅረቱ የተፈረደበትን ሰው ለመርዳት ብሎ ያሸነፈውን ሰው በሌለበት መጉዳት ያንኑ ስሕተት መድገም ይሆናልና።

ሕጉ በወረቀት ላይ እንዲህ የጠራ ቢሆንም በአምባሰል ሸንተረር ላይ መልኩን ይለውጣል። ከሳሽ ብዙ ጊዜ መጥሪያውን ራሱ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ተቀብሎ ወደ ቀበሌው ይወስዳል፤ በቀበሌው ሹም ወይም በሚሊሻ እጅ ያደርሳል፤ መድረሱንም በጽሕፈት ወይም በቃለ መሐላ ያረጋግጣል። እንግዲህ አንድ ከአፋፍ በላይ የሚኖር ገበሬ ከወንድሙ ልጅ ጋር ስለ እርሻ ድንበር ተጣላ እንበል። የመጥሪያውን ወረቀት የተሸከመው ባለጋራው ነው። «ሄጄ አልተቀበለኝም፤ እምቢ አለኝ» ብሎ ሁለት ሰዎች ቢያስፈርምና ቢመለስ፣ ፈራሚዎቹም የእርሱ ወዳጆች ቢሆኑ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ዳኛውም በሌለበት ከመስማት የሚከለክለው ነገር በመዝገቡ ውስጥ አያገኝም። ገበሬው የሚያውቀው የፍርድ አፈጻጸም ትእዛዝ ይዘው መሬቱን ሊለኩ በመጡ ጊዜ ነው። በቁራኛ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት መሄዳቸው እንዲህ ያለውን ነገር ፈጽሞ የማይቻል አድርጎት ነበር። የቁራኛን ጭካኔ የሚመልስ የለም፤ ነገር ግን መጥሪያን ከከሳሽ እጅ ወስዶ ለፍርድ ቤቱ ሠራተኛ መስጠት ከማናቸውም የሕግ ማሻሻያ ይልቅ ብዙ ፍርድ ከመነሣት ያድን ነበር።

የአንድ ወሩ ቁጥር የሚጀምረው ከፍርዱ ቀን ሳይሆን ፍርዱ ከታወቀበት ቀን መሆኑ ለእንዲህ ያለው ሰው የተተወ መውጫ ነው። ይሁን እንጂ ማወቅ በልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለ ሆነ ክርክር አያጣውም። ያሸነፈው ወገን «በለቅሶ ቤት በሰው ፊት ነግሬዋለሁ፤ ካወቀ ሦስት ወር ሆኖታል» ይላል። የተሸነፈው «የሰማሁት ወሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» ይላል። ዳኛው በዚህ ጊዜ የሚይዘው የተጨበጠ ነገር ይፈልጋል፤ የአፈጻጸም መጥሪያ የተቀበለበት ቀን፣ የፍርዱን ግልባጭ የወሰደበት ቀን፣ ገንዘቡ የተያዘበት ቀን የመሳሰለውን። ስለዚህ ጉዳዩን የሰማ ሰው ያለ መዘግየት ወደ መዝገብ ቤት ሄዶ ግልባጭ ማውጣትና በማመልከቻው ላይ እንዴትና መቼ እንዳወቀ በግልጥ መጻፍ ይገባዋል። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸሙን እንደማያቆመውም መዘንጋት የለበትም፤ እግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት። በዚህ ጉዳይ ወደ ይግባኝ ቤት የሚሮጡ አሉ፤ ይግባኝ ግን በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ፍርድ የሚመረምር እንጂ ሰው ለምን እንደ ቀረ በመጀመሪያ የሚጠየቅበት ቦታ አይደለም።

«በቂ ምክንያት» የሚለውን ቃል ሕጉ አልዘረዘረውም፤ ለዳኛው ኅሊና ትቶታል። ጽኑ ሕመም፣ የወላድ ሚስት ጭንቅ፣ የቅርብ ዘመድ ሞት፣ የወንዝ ሙላት የመሳሰለው በአገሩ ሰው ዘንድ ሁሉ የታወቀ ነው። «ቀጠሮውን ረሳሁት» ወይም «ሠርግ ነበረብኝ» የሚለው አያደርስም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሐይቅ በኩል አልፎ ደሴ በደረሰ ጊዜ ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ እንደ ሸሸ የሚያውቅ፣ በእነዚያ ወራት ስለ ታለፈ ቀጠሮ የሚቀርብ ምክንያት ረጅም ማብራሪያ እንደማያሻው ይረዳል። አስቸጋሪው የሚመጣው ከዚህ ከታወቀው ወዲያ ባለው መካከለኛ ስፍራ ነው። ጠበቃው የቀረበት፣ ልጁ መጥሪያውን ተቀብሎ ሳይነግረው የቀረ፣ ማንበብ የማይችልና ቀኑን በስሕተት የነገሩት ሰው ምን ይባል? በዚህ ዳኞች ይለያያሉ፤ መለያየታቸውም የሚያስወቅስ አይደለም፤ አንዱ የሚያመዛዝነው የፍርድን መጽናት ሲሆን ሌላው የሰውን መሰማት ነው። አገር ሽማግሌው ይህን ጥያቄ ጨርሶ አያውቀውም። በሽምግልናም ሆነ በወሎ አባጋሮች ዘንድ አንደኛው ወገን ከቀረ ደግሞ ይላክበታል እንጂ እርቅ በሌለ ሰው ላይ አይቆረጥም፤ እርቅ ሁለት እጅ ይፈልጋልና።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬ ለዚህ አገር የከበደው በባሕር ማዶ ያለው ልጅ ነገር ነው። ከደቡብ ወሎ ብዙ ወጣት ወንድና ሴት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለሥራ ይሄዳል። የላከው ገንዘብ ቤት ይሠራበታል፤ ቤቱ የሚጻፈው በዘመድ ስም ነው፤ ጠብ ሲመጣ ክስ ይቀርብበታል። አድራሻው አልታወቀም ተብሎ መጥሪያው በፍርድ ቤቱ ሠሌዳና በመጨረሻ በኖረበት ቤት በር ላይ ይለጠፋል፣ ወይም እንደ «በኵር» ባለ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ይህ በሕግ የተፈቀደ ምትክ የሆነ የማድረሻ መንገድ ነው። ነገር ግን በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የሚያነበው ያ የከሰሰው ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ በጂዳ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ የባሕር ዳር ጋዜጣ ከየት ታገኛለች? ከሳሹ የስልክ ቁጥሯን እያወቀና በየሳምንቱ እያነጋገራት «አድራሻዋን አላውቅም» ብሎ ምሎ እንደ ሆነ፣ ይህ ራሱ መጥሪያው በሚገባ አልደረሰም የሚያሰኝ ነው፤ የስልኩና የባንኩ ማስረጃም ለዚህ ይረዳታል። በጋብቻና በውርስ ነገር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሄደ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 188 የባለጉዳዮችን ፈቃድ መሠረት አድርጎ፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ግን እንደ ተስማማ ተቆጥሮ ነገሩ በሌለበት እንዲሰማ አዝዟል። ስለዚህ እዚያ የመጥሪያው መድረስ አለመድረስ የሚወስነው ቀጠሮውን ብቻ ሳይሆን የፍርድ ቤቱን ሥልጣንም ጭምር ነው።

በክሱ ስሙ ጨርሶ ያልተጠራ ሰው በአንቀጽ 78 አይገባም። ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት ባል ብቻ ተከሶ ቢረታ፣ ሚስት የቀረች ተከሳሽ አይደለችምና «መጥሪያ አልደረሰኝም» ብትል አይሠራላትም። ለእርሷ የተሰጠው በአንቀጽ 358 ያለው መቃወሚያ ነው፤ ይህም ፍርዱ ሳይፈጸም በፊት መቅረብ አለበት። ሁለቱን አንቀጾች አቀላቅሎ መጻፍ በራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ ስሕተቱ ቀን ያስፈጃል፤ ቀኑም ካለፈ መሬቱ ያልፋል።

የወንጀል ነገር መንገዱ ጠባብ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለ ሰው ላይ መፍረድን የፈቀደው በከባድ ወንጀል ብቻ ሲሆን፣ የተፈረደበትም ሰው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ፣ መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳገደው ገልጦ እንዲያመለክት ደንግጓል። «በቂ ምክንያት» የሚለው ሰፊ ቃል እዚህ የለም። በኢትዮጵያ በሌሉበት ከተፈረደባቸው ሰዎች ሁሉ የታወቁት በ1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ የሸሹት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈርዶባቸው በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ወደ ሞት ተለውጧል። እርሳቸው ግን ክሱን ያውቁት ስለ ነበረ ከአምባሰሉ ገበሬ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር የለም።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከመሄዱ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ባለ የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት፣ ከሄደም በኋላ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ሊሰጥ ይችላል። ውክልናው ቤትና መሬት ለመሸጥና ለመለወጥ ብቻ ሳይሆን መጥሪያ ለመቀበልና በፍርድ ቤት ለመቆም መሆኑ በግልጥ ይጻፍ፤ ተወካዩም ከባለጋራው ወገን ያልሆነ ይሁን። የውክልናው ግልባጭ አንዱ በቀበሌው መዝገብ ይቀመጥ፤ መጥሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው።